የድሮ ፍላሽ በሚረርለስ ካሜራ፦ ካሜራ የማያቃጥል አዳፕተር በቤት አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ ብዙ ፍላሾች ዛሬም በደንብ ያበራሉ። አደጋው እግራቸው ላይ ነው፤ በሆት ሹው (ካሜራው ራስ ላይ ባለው የፍላሽ መቀበያ) በኩል ወደ ካሜራው 100፣ 200፣ አንዳንዴም 300 ቮልት የሚልኩ አሉ። ከዚህ በታች ያለው አዳፕተር ይህን ቮልቴጅ በብርሃን ይለያል። የፍላሹና የካሜራው ኤሌክትሪክ በየትም ቦታ አይነካካም።

ሠርተውት «አልተኮሰም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ብየዳቸው ደህና ነው። የሚሳሳቱት ከሦስቱ በአንዱ ነው፦ መልኩ አንድ ሥራው ሌላ የሆነ ኦፕቶካፕለር (ምልክትን በብርሃን የሚያሻግር ቺፕ) ገዝተዋል፣ ሬዚስተሮቹን አቀያይረዋል፣ ወይም ካሜራው በሜኑው ፍላሽ ዘግቷል። ስለዚህ ደረጃዎቹን ሳትዘሉ ሂዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የፍላሹን አካል በፍጹም አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ትልቅ ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ባትሪው ከወጣ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሰው ይገድላል። ይህ ሥራ ፍላሹን መክፈት አይጠይቅም።

## ደረጃ 1፦ ፍላሹን ለኩ

1. ለፍላሹ አዲስ ባትሪ ድንጋይ አስገቡ። በደከመ ባትሪ የተለካ ቮልቴጅ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ያታልላል።
2. ዲጂታል ቴስተር ወደ ዲሲ 1000 ቮልት (ከሌለ 600) አዙሩ። በመርፌ የሚሠራውን የድሮ ቴስተር ተዉት፤ ራሱ ኤሌክትሪኩን ስለሚጎትት 200 ቮልቱን 40 አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል።
3. ፍላሹን አብሩ፤ የዝግጁነት መብራቱ ከበራ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ጨምራችሁ ጠብቁ።
4. ቀዩን ጫፍ የፍላሹ እግር መሃል ላይ ያለው ክብ ነጥብ ላይ፣ ጥቁሩን ከጎን ባለው ብረት ላይ አድርጉ። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አታነካኩ፤ ፍላሹ ዓይናችሁ ላይ ይተኩሳል።
5. ቁጥሩን ጻፉ። የመቀነስ ምልክት ካሳየ እሱንም ጻፉ፤ ደረጃ 5 ላይ ያስፈልጋችኋል።

ውሳኔው እንዲህ ነው፦

- ከ24 ቮልት በታች፦ አዳፕተር አያስፈልጋችሁም። 24 ቮልት አይኤስኦ 10330 የሚባለው ደረጃ ካሜራ ሊችለው ይገባል ያለው ልክ ነው። ይህ አዳፕተር ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ፍላሽ ቢሰጥም አይተኩስም፤ የአዳፕተሩን ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ የሚከፍተው የፍላሹ የራሱ ቮልቴጅ ነው።
- ከ24 እስከ 300፦ ቀጥሉ።
- ከ300 በላይ፦ አትሥሩት። አንዳንድ የድሮ የስቱዲዮ ፍላሾች እዚህ ይመደባሉ።

የካሜራችሁን መመሪያ መጽሐፍም እዩ፤ ገደቡ ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው በጣም ይለያያል። ኦሊምፐስ በኦኤም-ዲ መመሪያዎቹ ከ24 ቮልት በላይ ካሜራውን ይጎዳል ይላል፤ ፉጂፊልም በኤክስ ካሜራዎቹ መመሪያ የሚከለክለው ከ300 በላይ ያለውን ነው። «የጓደኛዬ ላይ ሠርቷል» ማስረጃ አይሆንም፤ የፍላሹ ሞዴል ስምም አይሆንም። ቪቪታር 283 ለምሳሌ በአንድ ስም የወጣ ሆኖ የቀደሙት ከ200 ቮልት በላይ፣ የኋለኞቹ ከ10 ቮልት ያልበለጠ የሚሰጡ አሉበት። እጃችሁ ያለውን ዕቃ ራሱን ለኩ።

## ደረጃ 2፦ ዕቃ ሰብስቡ

- ኦፕቶካፕለር ኤምኦሲ3023፣ 1። ምትክ፦ ኤምኦሲ3053።
- ታይሪስተር (በትንሽ ምልክት የሚከፈት ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ) ቢቲ151-500አር፣ 1። ምትክ፦ ቲዋይኤን612።
- ሬዚስተር፦ 4.7 ኪሎ ኦም 1፣ 47 ኦም 1፣ 470 ኦም 2፣ 1 ኪሎ ኦም 1
- ካፓሲተር 22 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ፣ 1
- ሲአር2032 ባትሪ ከነማቀፊያው
- ከላይ ፍላሽ የሚቀበል ርካሽ የፕላስቲክ ሆት ሹ አዳፕተር፣ 1
- ቀዳዳ ያለው የብየዳ ሰሌዳ (ቬሮቦርድ)፣ 3 በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ
- ቀይና ጥቁር ቀጭን ሽቦ፣ 80 ሴንቲ ሜትር
- ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን፤ የሳሙና ማስቀመጫ ይበቃል
- ሁለት አሮጌ የኤቲኤም ካርድ፣ ስስ የመዳብ ቅጠል፣ ጠፍጣፋ ራስ ያለው የናስ ወረቀት መውጊያ
- መበየጃ፣ ፒንሳ፣ ሴጌቶ፣ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ፣ ኢፖክሲ

አዲስ አበባ ላይ ሬዚስተርና ካፓሲተር መርካቶ ካሉ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቆች ይገኛሉ። ኦፕቶካፕለሩን ስትጠይቁ ግን ሻጩ «ያው ነው» ብሎ የሚሰጣችሁን አትቀበሉ። ቁጥሩን በአጉሊ መነጽር አንብቡ፦

- ፒሲ817፣ 4ኤን35፦ የሚችሉት ጥቂት አሥር ቮልት ነው። ፍላሹን ባበራችሁበት ቅጽበት ይቃጠላሉ።
- ኤምኦሲ3041፣ 3061፣ 3063፦ ቮልቴጁን ይችላሉ፤ የሚከፈቱት ግን ቮልቴጁ ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ብቻ ነው። ለግድግዳ ኤሌክትሪክ የተሠሩ ናቸው። የፍላሽ ቮልቴጅ ከፍ እንዳለ ስለሚቆም በጭራሽ አይተኩሱም፤ ሰውም ቀኑን ሙሉ ብየዳውን ሲፈትሽ ይውላል።
- ኤምኦሲ3021፦ ትክክለኛው ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ለመክፈት 15 ሚሊ አምፒር ይፈልጋል፤ 3023 በ5 ይከፈታል። አንዱ ካሜራ ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ ሊለግም ይችላል።

## ደረጃ 3፦ ሬዚስተሮቹን ለዩ

የ47 ኦም፣ የ470 ኦምና የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች የመጀመሪያ ሁለት ቀለማት አንድ ናቸው፦ ቢጫና ሐምራዊ። የሚለያቸው ሦስተኛው ነው፦ ጥቁር 47፣ ቡናማ 470፣ ቀይ 4.7 ኪሎ። በደብዛዛ መብራት ቡናማና ቀይ አይለዩም። እያንዳንዱን በቴስተር ለክታችሁ ወረቀት ላይ በናስትሮ ለጥፉና ዋጋውን ጻፉበት።

## ደረጃ 4፦ ለካሜራው የሚገባውን እግር ሥሩ

ፍላሹን ካሜራው ራስ ላይ አትጫኑ። ከባድ የድሮ ፍላሽ የትንሽ ካሜራን ሆት ሹ ያላላል፤ ከፍተኛ ቮልቴጁንም ከካሜራው አካል ማራቅ ይሻላል። እዚህ የምንሠራው ካሜራው ላይ ቀጭን እግር ብቻ፣ ከእሱ የወጣ ሽቦ፣ በሽቦው ጫፍ ደግሞ ሳጥን ነው።

1. ከካርዶቹ 18.5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 20 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጮች አውጡ። ከአንድ ካርድ የሚወጣው ቁራጭ 0.76 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ሁለቱ ተጣብቀው 1.5 ይሆናሉ።
2. ውፍረቱ 1.9 ገደማ እንዲደርስ በመካከል ስስ ፕላስቲክ ጨምሩ። ሦስተኛ ካርድ አትጨምሩ፤ 2.3 ይሆንና በግድ ስትገፉት የካሜራውን ምላስ ያጣምማል።
3. የካሜራችሁን ሆት ሹ ለኩና የመሃሉን ክብ ነጥብ ቦታ እግሩ ላይ ምልክት አድርጉ። የናስ መውጊያውን ራስ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ሞርዳችሁ ምልክቱ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ አስገቡ፤ ሹሉን ቆርጣችሁ ቀይ ሽቦ በይዱበት። ብየዳው ፈጣን ይሁን፤ ካርዱ ይቀልጣል።
4. በእግሩ ሁለት ጎኖች የላይኛው ገጽ ላይ ስስ የመዳብ ቅጠል ለጥፉ፤ የካሜራው ሐዲድ የሚነካው እዚያ ነው። ሁለቱን አገናኝታችሁ ጥቁር ሽቦ በይዱ።
5. የፊተኛው 5 ሚሊ ሜትር ባዶ ፕላስቲክ ይሁን። ሶኒ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሚጠቀምበት መልቲ ኢንተርፌስ ሹ ውስጥ ከፊት ከንፈሩ ሥር ረድፍ ቀጫጭን ነጥቦች አሉ፤ ብረት እዚያ መድረስ የለበትም። በሌሎቹም ካሜራዎች ከመሃሉ ነጥብና ከጎን ሐዲዱ በቀር ምንም አትንኩ።
6. ሽቦው እንዳይነቀል ከላይ በኢፖክሲ ሸፍኑ። እግሩ በሁለት ጣት ግፊት የሚገባ መሆን አለበት። ካልገባ በብርጭቆ ወረቀት ከላይ ሳይሆን ከታች አሳሱት።

እ.ኤ.አ. ከ2012 በፊት የወጡ ሶኒዎችን ልብ በሉ፤ ኔክስ-7 ከሚኖልታ የወረሰው የተለየ ሹ አለው፤ ይህ እግር አይገባበትም።

## ደረጃ 5፦ ሰርኪዩቱን በይዱ

ኦፕቶካፕለሩ ላይ ነጥብ ያለበት ጥግ እግር 1 ነው። ነጥቡን ወደ ላይ በግራ አድርጋችሁ ስታዩት በግራ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፤ በቀኝ ከታች ወደ ላይ 4፣ 5፣ 6። እግር 3ንና 5ን ከምንም አታገናኙ። ታይሪስተሩን ጽሑፉ ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ያዙት፦ ከግራ ካቶድ፣ አኖድ፣ ጌት።

ኦፕቶካፕለሩን ሰሌዳው መሃል ላይ አስቀምጡ። በግራው የካሜራው ወገን፣ በቀኙ የፍላሹ ወገን ይሆናል፤ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ከብረት የጸዳ መንገድ ይኑር። ሰሌዳው የመዳብ መስመር ካለው ከኦፕቶካፕለሩ ሥር ያለውን በሙሉ ፍቃችሁ አንሱ።

የካሜራው ወገን

1. ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ 4.7 ኪሎ ኦም፤ ከዚያ ወደ ካፓሲተሩ ፖዘቲቭ።
2. ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ 47 ኦም፤ ከዚያ ወደ እግር 1።
3. ከእግር 2 ወደ ቀዩ ሽቦ (የካሜራው መሃል ነጥብ)።
4. የባትሪው ኔጋቲቭ፣ የካፓሲተሩ ኔጋቲቭና ጥቁሩ ሽቦ አንድ ላይ።

ባትሪውን በቀጥታ ከ47 ኦሙ ጋር አገናኝቶ ካፓሲተሩን መተው የሚያጓጓ ማቋረጫ ነው። አታድርጉት። አንዳንድ ካሜራዎች ፍላሹን የሚተኩሱት በታይሪስተር ነው፤ እሱ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ የማያቋርጥ ጅረት እስካለ ድረስ አይዘጋም። የመጀመሪያው ፎቶ ይተኮሳል፤ ሁለተኛው አይተኮስም። በዚህ አሠራር ካፓሲተሩ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈስሳል፤ ከዚያ በ4.7 ኪሎ ኦሙ በኩል የሚቀረው ከግማሽ ሚሊ አምፒር በታች ስለሆነ ካሜራው ይላቀቃል። ካፓሲተሩ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። ማብሪያ ማጥፊያም አያስፈልግም፤ ካልተኮሳችሁ ባትሪው አይበላም ለማለት ይቻላል።

የፍላሹ ወገን

5. ርካሹን ሆት ሹ አዳፕተር ፈትታችሁ የላይኛውን መቀበያ ብቻ ውሰዱ። የታችኛውን እግር በሴጌቶ ቁረጡት፤ ወደ ታች የሚሄደውን ሽቦም ንቀሉ።
6. የመቀበያው መሃል ወደ ታይሪስተሩ አኖድ (መካከለኛው እግር)።
7. የመቀበያው ጎን ብረት ወደ ካቶድ።
8. ከአኖድ ተነሥታችሁ ሁለቱን 470 ኦሞች በተከታታይ ወደ እግር 6። አንድ 1 ኪሎ ኦም ማድረግ ይቻል ነበር፤ ትንሽ ሬዚስተር ግን 300 ቮልት ብቻውን ለመሸከም ዳር ላይ ነው፤ ሁለቱ ይካፈሉታል።
9. ከእግር 4 ወደ ጌት።
10. 1 ኪሎ ኦሙን በጌትና በካቶድ መካከል።

ደረጃ 1 ላይ የመቀነስ ምልክት ካያችሁ 6ንና 7ን አቀያይሩ፤ ታይሪስተር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው።

የታይሪስተሩ ጀርባ ያለው የብረት ሳህን ከአኖድ ጋር አንድ ነው፤ ማለትም የፍላሹ ሙሉ ቮልቴጅ አለበት። በናስትሮ ጠቅልሉት። ሲያበቃ ሰሌዳውን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠቡ፤ የብየዳ ቅባት እርጥበት ይስባል፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ ያሳልፋል።

## ደረጃ 6፦ ካሜራ ሳይነካ ፈትሹ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው በካሜራው እየቆመረ ነው።

1. ፍላሽ ሳይኖር ቴስተሩን ወደ ኦም ከፍተኛ ልክ አዙሩ። ከቀዩም ከጥቁሩም ወደ መቀበያው መሃልና ወደ ጎኑ ለኩ፤ አራት ልኬት ነው። አራቱም ምንም አለመገናኘት ማሳየት አለባቸው። አንዱ እንኳ ቁጥር ካሳየ አቁሙና ሰሌዳውን እንደገና እጠቡ፤ የብየዳ ድልድይ ፈልጉ።
2. በእግሩ መሃልና ጎን መካከል ዲሲ ቮልት ለኩ፤ ከ2 እስከ 3 ቮልት ይሁን፤ መሃሉ ፖዘቲቭ።
3. ፍላሹን መቀበያው ላይ አድርጋችሁ አብሩ። ሲሞላ ቁጥር 2ን ድገሙት። ከ3 ቮልት ትንሽ እንኳ ከበለጠ መለያየቱ ፈርሷል።
4. የእግሩን መሃልና ጎን በወረቀት ክሊፕ አነካኩ፤ ፍላሹ ይተኩሳል። እስኪሞላ እየጠበቃችሁ አሥር ጊዜ ድገሙ።

አሥሩንም ከተኮሰ ሳጥኑን ዝጉ። የመቀበያው ብረት ውጭ ላይ ስለሚታይ ፍላሹ በርቶ እያለ አትንኩት፤ ፍላሹን ስታወጡም ስታስገቡም ጠፍቶ ይሁን።

## ደረጃ 7፦ ካሜራውን አስተካክሉ

ካሜራው በዚህ እግር በኩል ፍላሽ መኖሩን አያውቅም። እንዲህ አዘጋጁት፦

1. ሹተር ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሮኒክ ፈርስት ከርተን። ሙሉ ኤሌክትሮኒክ ሹተርና ድምፅ አልባ ሁነታ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ፍላሹን ይዘጋሉ። የብዙው «አልተኮሰም» መልስ እዚህ ነው።
2. ተከታታይ ተኩስን፣ ብራኬቲንግንና ኤችዲአርን አጥፉ።
3. ሁነታው ማንዋል፤ ፍጥነቱ 1/125። ሶኒ ኤ6000 እስከ 1/160፣ ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ1 እስከ 1/180፣ ሶኒ ኤ7 3 እስከ 1/250 ይችላሉ፤ ግን ከታች ጀምሩ።
4. አይኤስኦ 100 ወይም 200፤ አውቶ አይሁን።
5. የኤክስፖዠር ቅድመ እይታን አጥፉ፤ አለበለዚያ ቤት ውስጥ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ሶኒ ላይ «ላይቭ ቪው ዲስፕሌይ» ወደ «ሴቲንግ ኢፌክት ኦፍ»፤ ካኖን ላይ «ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን» ይዘጋ፤ ፉጂፊልም ላይ «ፕሪቪው ኤክስፖዠር» በማንዋል ሁነታ ኦፍ፤ ኒኮን ዜድ ላይ «አፕላይ ሴቲንግስ ቱ ላይቭ ቪው» ኦፍ።

## ደረጃ 8፦ ብርሃኑን አስሉ

ቲቲኤል (ካሜራው ራሱ የፍላሹን ብርሃን መለካቱ) የለም፤ ሃይ ስፒድ ሲንክም (በፈጣን ሹተር ፍላሽ መተኮስ) የለም። በአንድ ነጥብ የሚያልፈው «ተኩስ» የሚለው ምልክት ብቻ ነው። ሁለት መንገድ አላችሁ።

በጋይድ ነምበር (የፍላሹን ኃይል በሚገልጸው ቁጥር)፦ የፍላሹን ቁጥር በሜትር ለርቀቱ አካፍሉ፤ የሚወጣው ኤፍ፣ ማለትም የሌንሱ መክፈቻ ልክ ነው። ቪቪታር 283 በአይኤስኦ 100 በሙሉ ኃይል 36 ነው፤ ሰውየው 4.5 ሜትር ላይ ከሆነ 36 ሲካፈል ለ4.5፣ ኤፍ 8። ርቀቱ ከፍላሹ እስከ ሰውየው ነው፤ ካሜራው የት እንደቆመ አይቆጠርም። ቁጥሩ በጫማ (ፉት) ከተጻፈ (120) ርቀቱንም በጫማ አድርጉ።

በፍላሹ አውቶ፦ ፍላሹ ፊቱ ላይ የራሱ ዓይን ካለው ብርሃኑን ራሱ ያቆማል፤ አዳፕተሩ ይህን አይነካም። በፍላሹ ሰሌዳ ላይ አይኤስኦውን አስገቡ፤ የሚላችሁን ኤፍ ካሜራው ላይ አድርጉ። ለግብዣና ለሰርግ ይኸኛው ይሻላል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ማስላት አይቻልም። ዓይኑ ወደ ሰውየው ማየት አለበት።

ርካሽ የሬዲዮ ትሪገር ካላችሁ አዳፕተሩን በተቀባዩና በፍላሹ መካከልም ማድረግ ትችላላችሁ፤ እነዚያ ተቀባዮችም በከፍተኛ ቮልቴጅ ይቃጠላሉ።

## ሳይሠራ ሲቀር

በክሊፕ ይተኮሳል፣ በካሜራ አይተኮስም። መጀመሪያ ሹተሩን እዩ። ደህና ከሆነ እግሩን በግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሳችሁ ሞክሩ፤ ቦታ ሲስት መሃሉ አይገናኝም። ሁለቱም ካልሆነ ባትሪውን ለኩ፤ ከ2.7 ቮልት በታች ከሆነ ቀይሩ። የካሜራው የራሱ ቁልፍ እስከ 1 ቮልት ስለሚወስድ በክሊፕ የሚበቃው ባትሪ በካሜራ ላይበቃ ይችላል።

በክሊፕም አይተኮስም። ፍላሹን በራሱ የሙከራ ቁልፍ ተኩሱ። ከተኮሰ 47 ኦሙና 4.7 ኪሎ ኦሙ ተቀያይረው እንደሆነ ለኩ፤ ቀጥሎ የኦፕቶካፕለሩን ቁጥር እንደገና አንብቡ።

አንዴ ተኩሶ ይቆማል። ካሜራውን አጥፍታችሁ ስታበሩ ከተመለሰ፣ ችግሩ የካሜራው ወገን ነው፤ 4.7 ኪሎ ኦሙን በ10 ኪሎ ቀይሩ። ፍላሹን አጥፍታችሁ ስታበሩ ከተመለሰ ታይሪስተሩ አልዘጋም፤ በቢቲ151 ፈንታ ሲ106 የመሰለ በትንሽ ጅረት የሚቆይ ዓይነት ተሰጥቷችሁ ይሆናል።

ፍላሹ ሲበራ ብቻውን ይተኩሳል። የጌቱና የካቶዱ 1 ኪሎ ኦም ተነቅሏል፤ ወይም ሰሌዳው አልታጠበም።

የፎቶው ከፊሉ ጥቁር ነው። ፍጥነቱን ወደ 1/100 አውርዱ።

ፎቶው በሙሉ ጥቁር ነው፣ ፍላሹ ግን በዓይን በርቷል። ሌንሱን ክፈቱት፤ ኤፍ 4 ላይ ሞክሩ። አሁንም ጥቁር ከሆነ ፍላሹን የተኮሰው ሌላ ነገር ነው፤ የሬዲዮ ትሪገሩን ነቅላችሁ በሽቦው ብቻ ሞክሩ።